ጥጉ የተሰነጠቀው ጥቁር ስልክ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ወንበር፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕና ሰባት ስልክ የታጨቀበት የብስኩት ካርቶን ነው። ወንበሩ ሦስት እግር ነበረው። አራተኛውን የሚተካው ስለ ፕሮጀክት አስተዳደር የተጻፈ ወፍራም መመሪያ ሲሆን፣ እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ መመሪያው ሌላ ጥቅም ሲሰጥ አላየሁም።

ቦታው ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ጉራጌ ነው። ሐዋሳ ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ቤተሰቡ ሜትር ይዤ ሱቅ እንድቆም ነበር የሚጠብቀው። ያን ሰሞን አንድ የከብት ጤና ፕሮጀክት የስልክ አፕ ፈታሽ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ፈተናውን አንደኛ ወጣሁ። የተፈተንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አስተባባሪያችን አቶ መላኩ ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ “ራሔል፣ ሥራሽ ማበላሸት ነው” አሉኝ። “አፑን በእያንዳንዱ ስልክ ክፈቺ፣ ነካኪ፣ የሚበላሽበትን መዝግቢ።” ከልጅነቴ ጀምሮ ዕቃ አበላሸሽ እየተባልኩ ስቆጣ ኖሬ በመጨረሻ ደመወዝ ተቆረጠልኝ።

አፑ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ነገሌ ባለችበት በሊበን ወረዳ ከብት ከመንደር ርቆ የሚሰማራበት ሰፈር ፎራ ይባላል። በየፎራው ሕዝቡ የመረጠው፣ አጭር ሥልጠና የወሰደ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ አለ። ከብት ሲታመም ምልክቱንና ብዛቱን ስልኩ ላይ ይሞላል። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ሲወጣ ሪፖርቱ ይላካል። ቢሯችን ግድግዳ ላይ ካርታ የሚያሳይ ስክሪን ነበር፤ ሪፖርት ሲገባ አረንጓዴው ነጥብ ቀይ ይሆናል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ጉዮ ቀዩን አይቶ መድኃኒትና ክትባት ጭኖ ይሄዳል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ሳላሽሟጥጥ ነው።

ችግሩ የስልኮቹ ዕድሜ ነው። ካርቶኔ ውስጥ ከአንድሮይድ አራት ነጥብ አራት ጀምሮ ያኔ አዲስ እስከነበረው ስምንት ድረስ ነበሩ። አሮጌዎቹ ታዛዦች ናቸው፤ ያዘዝናቸውን ያደርጋሉ፣ ግን ምንም አያውቁም። አዲሶቹ ሁሉን ያውቃሉ፣ ግን አይታዘዙም። ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ፣ ቦታ ለማወቅ ፈቃድ። ባትሪ ልቆጥብ ብለውም አፑን ያስተኙታል፤ ኔትወርክ ሲጠብቅ የነበረው ሪፖርት አብሮ ይተኛል። ቀኔን የማሳልፈው አሮጌውን በማስረዳትና አዲሱን በመለመን ነበር። በስብሰባ ላይም ሥራዬ ያው ስለነበር ቶሎ ለመድኩት።

ኮዱ ውስጥ አንዲት መስመር አለች። አፑ የሚሠራበትን ዝቅተኛውን ቨርዥን የምትወስን ቁጥር ናት። ቁጥሯ ከፍ ሲል የፈታሽ ሥራ ይቀልላል። ከቁጥሯ በታች ያለ ስልክ ሁሉ ግን በር ይዘጋበታል። በሙያችን ከዚህች መስመር ያጠረች የለችም። ሳናስብ የምንነካትም እሷን ነው።

የጤና ሠራተኞቹ አርባ ነበሩ። የሥልጠና ክፍላችን ጠባብ ስለሆነ አምስት አምስት እየሆኑ በየሳምንቱ ነገሌ ይመጣሉ። በር ላይ ተቀምጬ ስም፣ ፎራና የስልክ ዓይነት የምመዘግበው እኔ ነኝ። የያዟቸው ስልኮች ያስደንቁኝ ነበር፤ ሁሉም ደህና ደህና፣ አብዛኞቹ ከኔ ስልክ የተሻሉ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። በየሳምንቱ ከሚመጡት አምስት ሰዎች አንዱ ቀኝ ጥጉ የተሰነጠቀ ጥቁር ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው። ሰውየው ይለያያል፤ ስንጥቁ አይለያይም።

እኔም ጥንቁቅ ባለሙያ ስለሆንኩ ማስታወሻ ጻፍኩ። “በአካባቢው ስልክ በብዛት በቀኝ ጥጉ ይወድቃል፤ የስልክ መከላከያ ቢታደል መልካም ነው” ይላል። ማስታወሻው በፊርማዬ አዲስ አበባ ደርሷል። ፋይል ውስጥ ዛሬም አለ።

አንድ ቀን አቶ መላኩ ጠሩኝ። የአዲስ አበባ አለቆች አሮጌዎቹን ቨርዥኖች መተው ፈልገዋል።

“አፑ በተሻሻለ ቁጥር አሮጌዎቹን ስልኮች ለመፈተሽ ስንት ቀን ይፈጅብሻል?”

“ስድስት ቀን።”

“በመዘገብሽው ዝርዝር መሠረት አሮጌ ስልክ የያዘ ስንት ሠራተኛ አለ?”

“ማንም የለም።”

“ታዲያ ለማን ነው የምንለፋው?”

ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሪፖርቶቹ ከየትኛው ቨርዥን እንደተላኩ የሚያሳየው ክፍል ለሚቀጥለው ዙር የታቀደ ስለነበር፣ ከኔ ዝርዝር ሌላ ማስረጃ አልነበረም።

ቁጥሯን ከአራት ነጥብ አራት ወደ ስድስት አሳደግናት። አዲስ አበባ ያሉት አለቆችም የሪፖርት መቀበያውን ኮምፒውተር መቆለፊያ በአዲስ ለወጡ፤ አሮጌ ስልኮች የዚያ መቆለፊያ ቁልፍ የላቸውም። ግፍ እንዳንሠራ ደግሞ “ይህ ስልክ ከእንግዲህ አያገለግልም” የሚል ትሁት መልእክት አዘጋጀን። መልእክቱን ያስገባነው አዲሱ አፕ ውስጥ ነው። አዲሱ አፕ ደግሞ አሮጌ ስልክ ላይ አይጫንም። ይህን ሁሉ ፈትሼ “ተፈትሿል፣ አልፏል” ብዬ ፈረምኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ካርታው አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አቶ መላኩ “በሊበን የከብት በሽታ ክስተት በከፍተኛ ሁኔታ ቀንሷል” ብለው ሪፖርት ላኩ። ለስላሳ ተገዝቶ ጠጣን። ዶክተር ጉዮ ብቻ ጠርሙሱን ሳይከፍት ካርታውን ቆሞ አየና፣ “በዚህ ድርቅ ይሄ ሁሉ ጤና ከየት መጣ?” አለ። አቶ መላኩ ከአፑ መጣ አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ጂሎ በከብት አይሱዙ ተጭነው መጡ። ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ከስልሳ ዓመት ያለፉ፣ ከጤና ሠራተኞቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሥልጠና ላይ ፊት ተቀምጠው ጥያቄ የሚያበዙብኝ ሰው ናቸው። ልብሳቸው አቧራ ብቻ ነበር።

“አካም፣ ናጋ?” አሉኝ።

“ናጋ ነው፣ ኦቦ ጂሎ። እርስዎ ደህና ነዎት?”

“ሰው ናጋ ነው። ሎን ናጋ የለም።” ናጋ ሰላም፣ ሎን ከብት ነው። “ሦስት ሳምንት ጻፍኩ። ኮረብታ ወጣሁ፣ ላክሁ፣ ወረድኩ። ለምን ዝም አላችሁ?”

ካርታውን አሳየኋቸው። “እዚህ የሚያሳየው ሁሉም ጤና እንደሆነ ነው።”

ካርታውን ቀና ብለው አዩት። “ይሄ ሎኑን አይቷል?”

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡት። በላስቲክ ተጠቅልሎ በጎማ ታስሯል፤ ሲፈቱት በእጃቸው ከለል አድርገው ነበር። አንድሮይድ አራት ነጥብ አራት። ውስጡ አሥራ ሁለት ሪፖርት አለ። እያንዳንዱ ሥር “ተቀምጧል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል” ይላል። ያቺን ዐረፍተ ነገር የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ዶክተር ጉዮ ሪፖርቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። ሳል። መብላት ማቆም። የፊት እግርን ወደ ውጭ ገፍቶ መቆም። “የሳንባ በሽታ ይመስላል” አለ። “የየፎራው ከብት በአራት ቀን ውስጥ ኤላው ላይ ሊገናኝ ነው።”

ኤላ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ነው። ኩሬው ሁሉ ሲደርቅ የየፎራው ከብት ወደዚያ ይወርድና ከአንድ ገንዳ ይጠጣል። የታመመው ከጤነኛው ጎን ቆሞ ከሳለ በሽታው ሊበንን በሙሉ ያዳርሳል። የታመመውን ፎራ ለይቶ ማስቀረት ይቻላል፤ የትኛው እንደታመመ ከታወቀ ነው። የምናውቀው ግን የኦቦ ጂሎን ብቻ ነው። ሌሎቹ ጋ እንዳንደውል ፎራ ላይ ኔትወርክ የለም።

ኦቦ ጂሎ ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም። “መንደሩ የመረጠኝ ታማኝ ነህ ብሎ ነው” አሉ። “አሁን ጂሎ ሎኑን ትቶ ስልክ ይጫወታል ይሉኛል።”

አቶ መላኩ ዘንድ ገባሁ። ለአሮጌ ስልኮች የሚሆን ቨርዥን ልመልስ አልኳቸው።

“ለአንድ ሰው?” አሉኝ። “ጥያቄሽን በጽሑፍ አቅርቢ። ኮሚቴው በሁለት ሳምንት ያየዋል።”

“ከብቱ በአራት ቀን ነው የሚደርሰው።”

“አሠራር አለ፣ ራሔል።”

“ለከብቱ አሠራሩን የሚነግረው ሰው የለማ” ብዬ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

ያን ቀንና የማግስቱን ሠራሁ። ቁጥሯን ወደ አራት ነጥብ አራት መለስኳት። የአዲስ አበባውን መቆለፊያ መክፈት ስለማልችል፣ ስልኩ ላይ የተቀመጡት ሪፖርቶች በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቀጥታ ዶክተር ጉዮ ስልክ ላይ እንዲገቡ አደረግኩ። አዲስ ስልክ ቢሆን ለዚህ ስንት ፈቃድ በጠየቀኝ ነበር፤ አሮጌው እሺ ብሎ ይልካል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። አዲሱ በአሮጌው አፕ ላይ ነው የሚጫነው። አሮጌው መጀመሪያ ከጠፋ ሪፖርቶቹ አብረው ይጠፋሉ።

በመጀመሪያ በካርቶኔ ስልክ ሞከርኩት። ቀጥሎ በኦቦ ጂሎ ስልክ ላይ ጫንኩት። የዶክተር ጉዮ ስልክ አሥራ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ኦቦ ጂሎ ከስልኩ ጋር አብረው በኦሮምኛ ቆጠሩ።

ከብቱ ከመድረሱ በፊት የጤና ሠራተኞቹና ሽማግሌዎቹ የውሃ ተራ ለመደልደል ኤላው ዘንድ ይሰበሰባሉ። በሦስተኛው ቀን በወረዳው ፒክአፕ ክትባቱን ጭነን ሄድን፤ ዶክተር ጉዮ፣ ኦቦ ጂሎና እኔ። የፕሮጀክታችን መኪና ቅጽ ያስፈልገው ነበር። ቅጹ አልቋል ተብለናል።

ደርሰን ሰላም ከተባባልን በኋላ ስልኮቻቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ተነሥቶ ሄደና ስልክ አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ጥቁር ነው። ቀኝ ጥጉ ተሰንጥቋል።

ስንጥቁን የእጅ ጽሑፌን ያህል አውቀው ነበር።

“የማን ነው?” አልኩ።

“የሱቁ” አለ ሰውየው፣ ከኤላው ራቅ ብላ ወደምትታየው የቆርቆሮ ሱቅ እያመለከተ።

ኦቦ ጂሎ ሳቁ። “ኢንተላ ኮ፣ ሰው ነገሌ ሲሄድ ደህና ልብስ አይለብስም? የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል። ስልክም እንደዚያ ነው። ለቢሮ ሰው የተጠጋገነ ስልክ ማሳየት ነውር ነው።” ‘ኢንተላ ኮ’ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ሲያዝኑልኝ ነው የሚሉኝ።

ቀሪውን ያኔ ተረዳሁ። አዲስ ስልክ የሚገዛለት ከተማ ያለው የቤቱ ሰው ነው። ሲያረጅበት ለባለሱቁ፣ ለወንድም፣ ለአጎት ይወርዳል። ማንም የማይፈልገው ሲሆን ፎራ ይገባል። ከታመመው ከብት አጠገብ የሚያድረው ሰው የሚይዘው ከሁሉ ያረጀውን ነው። አፑንም በብሉቱዝ ከተዋሱት ስልክ ወደ ራሳቸው ያሻግሩታል። እኔ የመዘገብኩት አርባ ስልክ ስምንት ጊዜ ነገሌ ተመላልሰው የተመዘገቡ አምስት ስልኮች ናቸው።

“ታዲያ ቢሮ ሲመጡ ለምን የራስዎን ያዙ?” አልኳቸው።

“ለመዋስ ጊዜ አልነበረም” አሉ፣ ሳቃቸውን አቁመው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የኔ ዓይን አይቶ ቅጽ ሞላ።

“የራሳችሁን አምጡልኝ፤ ፎራ ላይ የምትሠሩበትን” አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኦቦ ጂሎ ላስቲካቸውን ፈትተው ስልካቸውን ሁሉም በሚያዩት ቦታ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ከየኪሱ መውጣት ጀመረ። በፕላስተር የታሰረ፣ ክዳኑ በክር የተሰፋ፣ ስክሪኑ እኩሌታው የጨለመ። በሠላሳ አንድ አሮጌ ስልክ ላይ አፑን ጫንኩ፤ የቀሩት ጥቂቶቹ በር አልተዘጋባቸውም ነበር። አንዱ ሰው ላግዝሽ ብሎ አሮጌውን አፕ ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝኩት፤ በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው እጅ እንደዚያ ይዤ አላውቅም።

ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ስልኮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ወጣን። የዶክተር ጉዮ ስልክ መጮህ ጀመረ። አላቆመም። የሦስት ሳምንት ሳል፣ የሦስት ሳምንት ሞት በተራ በተራ ገባ። ዶክተር ጉዮ እያነበበ በእንጨት መሬት ላይ ጻፈ። ሲጨርስ በሽታው የገባባቸው ሦስት ፎራዎች ተለዩ። አንዱ የኦቦ ጂሎ ነው።

የኤላውን የውሃ ተራ የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ አባ ሄሬጋ ይባላሉ። የዶክተር ጉዮን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙና ወሰኑ። ሦስቱ ፎራዎች ወደ ኤላው አይጠጉም፤ ውሃ በቦቴ እስኪመጣላቸው ባሉበት ይቆያሉ። የቀሩት ይከተባሉ፣ ከዚያ ይጠጣሉ።

ቦቴው መቼ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ኦቦ ጂሎን ማየት ፈራሁ።

“የጻፍኩት እኔ ነኝ” አሉ። “ባልጽፍ ኖሮ ነገ ሎኔ ይጠጣ ነበር።” “የሰዉ ሎን ግን ያልቅ ነበር” አሉ ቀጥለው።

የሌሎቹ ከብት ተረፈ። ቦቴው ዘግይቶ ደረሰ። ኦቦ ጂሎ አሥራ አንድ ከብት ሞተባቸው፤ ስንቱን በሽታው፣ ስንቱን ጥሙ እንደገደለ የሚያውቅ የለም። በሰዓቱ ብንሰማቸው ኖሮ አብዛኞቹ ይተርፉ ነበር። ወሬውን የሰማሁት ቢሮ ነው። ካርታው ፊት ቆሜ አለቀስኩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

በዚያው ሳምንት አቶ መላኩ ሁለት ደብዳቤ አተሙ። አንደኛው ያለፈቃድ ቨርዥን በማውጣቴ ለኔ የተጻፈ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ለአዲስ አበባ የተላከ ሲሆን “ፕሮጀክቱ በሰጠው ፈጣን ምላሽ ወረርሽኙ ተገትቷል” ይላል። ከአንድ ፕሪንተር፣ በአንድ ቀን ነው የወጡት። ሁለቱንም አስቀምጫቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ሥልጠና በር ላይ ተቀምጬ ስመዘግብ የመጀመሪያው ሰው ጥቁሩን ስልክ ይዞ መጣ። አመል አይለቅም። ከኋላው ኦቦ ጂሎ ነበሩ። ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ በእጃቸው ያ በጎማ የታሰረ ስልክ አለ። መዝገቤ ላይ አስቀመጡት።

“ይሄን ጻፊ” አሉኝ ጮክ ብለው።

በር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ጻፍኩ። ጥቁሩን ስልክ የያዘው ሰው ፊቱን አዞረ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሌላ ስልክ አወጣ። ስሙ ፊት የጻፍኩትን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ከዚያ ጀምሮ ቅጼ ላይ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ “የያዙት ስልክ”፣ ሌላው “ፎራ ላይ የሚሠሩበት ስልክ” ይላል። አቶ መላኩ ሁለተኛው ዓምድ ወረቀት ያበዛል ብለውኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። አቶ መላኩ አድገው ተዛወሩ፤ እኔ ከፍተኛ ባለሙያ ተብዬ ባለአራት እግር ወንበር ተሰጠኝ። መመሪያው የት እንደደረሰ አላውቅም። አራት ነጥብ አራት እንኳ በመጨረሻ ከሊበን ጠፋ። የመጨረሻውን ያመጡልኝ ኦቦ ጂሎ ናቸው። “ይሄ ለካርቶንሽ” አሉኝ። “ሌላ ወርዶልኛል።”

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ደወሉ። አንድሮይድ ሰባትን መተው ይፈልጋሉ። ማንም አይጠቀምበትም አሉ፤ ዝርዝር አላቸው። ስለ ሁለተኛው ዓምድ ጠየቅኳቸው። ተዘሏል አሉኝ።

እኔ ጋ ያለው አልተዘለለም። አንድሮይድ ሰባት ቀኝ ጥጉ የተሰነጠቀው ጥቁር ስልክ ነው። ባለሱቁ አዲስ ገዝቷል። ጥቁሩ አሁን ፎራ ላይ ነው፣ ኦቦ ጂሎ ኪስ ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።

አይሆንም አልኳቸው። ቁጥሯን ከመንካታችሁ በፊት ስልኩ የማን እንደሆነ ጠይቁ።